ሁለት መስመር ብቻ ነው ያለኝ ላልከኝ ወንድሜ

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። 28 ዓመትህ ነው፣ ሎስ አንጀለስ ከመጣህ 6 ዓመት ሆኖሃል። ማታ ማታ ኡበር ትነዳለህ፣ ቀን ቀን ኦዲሽን (የተዋናይ መምረጫ ፈተና) ታሳድዳለህ። በሁለት ዓመት ውስጥ 41 ኦዲሽን ሞክረህ የተሳካልህ ሦስት ነው፤ ሁለቱ የተማሪ ፊልም፣ አንዱ ከኋላ የሚያልፍ ሰው። እናትህ «ነርሲንግ ግባና እረፍ» ትልሃለች። ማኔጀር ነኝ የሚል ሰውዬ ደግሞ ለፎቶና ለስልጠና 1,800 ዶላር አምጣ ብሎሃል። ማክሰኞ የምትልከው ሴልፍ ቴፕ (ራስህን ቀርጸህ የምትልከው ኦዲሽን) አለህ፣ የፋርማሲስት ሚና፣ የምትናገረው ሁለት መስመር ብቻ። ጥያቄህም «ልተወው ወይስ ልቀጥል?» ነው።

መጀመሪያ ገንዘቡን እንጨርስ። አትክፈል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ተዋናይን ወክዬ ስራ አፈላልጋለሁ የሚል ሰው ቅድሚያ ክፍያ መቀበል በህግ ተከልክሏል። እውነተኛ ኤጀንት የሚበላው አንተ ስትሰራ ነው፣ ከምታገኘው ላይ አስር በመቶ ይወስዳል፣ አለቀ። ሳትሰራ ብር የሚጠይቅህ ሰው ስራው አንተ ነህ ማለት ነው። ስልኩን አታንሳለት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ስለ ብራያን ክራንስተን ላውራህ። «ብሬኪንግ ባድ» የተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ዋልተር ዋይትን ሆኖ የሰራውን ሰውዬ ታውቀዋለህ። አንተ የምታውቀው ግን እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ያለውን ነው። ተከታታዩ ሲጀመር 51 ዓመቱ ነበር። እኔ እንድታይልኝ የምፈልገው ከዚያ በፊት ያለውን 30 ዓመት ገደማ ነው፣ ምክንያቱም አንተ አሁን ያለኸው እዚያ ውስጥ ነው።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1956 እዚሁ ሎስ አንጀለስ ነው። ያደገው ካኖጋ ፓርክ፣ አንተ ሳምንት ሙሉ ሰው የምታመላልስበት ሰፈር። አባቱ ተዋናይ ነበር፣ ግን ተዋናይ መሆን አልበቃውም፣ ኮከብ መሆን ነበር የሚፈልገው። ኮከብነቱ ሳይመጣ ቀረ። ልጁ 11 ዓመት ሲሆነው አባትየው ቤቱን ጥሎ ሄደ፣ እናትየው መጠጥ ውስጥ ገባች፣ ቤታቸውም በዕዳ ተወሰደ። ብራያንና ታላቅ ወንድሙ ዩካይፓ የሚባል ቦታ፣ የእናታቸው ወላጆች ጋ ተልከው የዶሮ እርባታ ላይ እየሰሩ ከረሙ። ይህን የማወራህ እንድታዝንለት አይደለም። የአባትና የልጅ ልዩነት ላይ ኋላ ስለምመለስ ነው።

ልጁ እንዲያውም ፖሊስ ሊሆን ነበር። ሎስ አንጀለስ ቫሊ ኮሌጅ ገብቶ የፖሊስ ሳይንስ ተማረ። ማሟያ ኮርስ ሲያስፈልገው ትወና ያዘ። ራሱ ደጋግሞ የሚያወራት ታሪክ አለች፦ ክፍል ውስጥ የተሰጠው ትዕይንት አግዳሚ ወንበር ላይ የሚሳሳሙ ጥንዶች ናቸው፣ አብራው የተመደበችው ልጅ ከልቧ ሳመችው፣ እሱም ወዳኛለች ብሎ ከክፍል በኋላ እንውጣ ሲላት ጓደኛ እንዳላት ነገረችው። እየተወነች ነበር! የ19 ዓመት ልጅ ሆኖ ያን ያህል አሳመነችው። ትወና ምን ማድረግ እንደሚችል ያኔ ነው የገባው።

በ1976 ኮሌጁን ጨርሶ ከወንድሙ ጋር ሞተር ሳይክል ላይ ወጡና አሜሪካን ሁለት ዓመት ገደማ ዞሩ። ገንዘብ ሲያልቅባቸው ቆም ብለው ይሰራሉ፣ ሲሞላላቸው ይነሳሉ። ቨርጂኒያ ውስጥ ብሉ ሪጅ ተራሮች ላይ ዝናብ ያዛቸው፣ ለቀናት አላቆመም። መጠለያ ስር ተቀምጦ ይዞት የነበረውን የተውኔት መጽሐፍ ማንበብ ጀመረ፣ የኢብሰን «ሄዳ ጋብለር» ላይ ሲደርስ ማስቀመጥ አቃተው። እዚያ ቁጭ ብሎ ወሰነ፦ የሚችለውን ግን የማይወደውን ስራ ከሚይዝ፣ የሚወደውን ይዞ ጎበዝ ለመሆን ይለፋል።

ከዚያ ወዲያ ግን በአንድ ቀን ኮከብ አልሆነም። የጭነት ዕቃ ተሸክሟል። ሰርግ ላይ እየተገኘ ሙሽሮችን አጋብቷል፣ ፈቃድ አውጥቶ። የጃፓን ካርቱኖችን በእንግሊዝኛ ድምጽ ሰጥቷል፣ «ፓወር ሬንጀርስ» ላይ የጭራቆች ድምጽ ሆኗል። ማስታወቂያ ያላደረገው የለም፣ የኪንታሮት ቅባት ሳይቀር። ኤቢሲ የተባለው ጣቢያ ላይ የሚታይ የቀን ድራማ ውስጥ ገብቶ ሁለት ዓመት ገደማ ከሰራ በኋላ አሰናበቱት። «ሳይንፌልድ» የተባለው ኮሜዲ ላይ የጥርስ ሐኪም ሆኖ ብቅ ጥልቅ አለ። ዝርዝሩን ስታየው አንዱም ለብቻው የሚያኮራ አይመስልም። እሱ ግን ትልቁ ስኬቴ የሚለው ኤሚ የተባሉትን የቴሌቪዥን ሽልማቶቹን አይደለም። ከ25 ዓመቱ ጀምሮ በትወና ብቻ መኖሩን ነው።

ይኸው፣ የአባትና የልጁ ልዩነት። አባትየው ኮከብነትን ይጠብቅ ነበር፣ ልጁ ስራ ይሰራ ነበር። አንተ ደብዳቤህ ላይ «እስከ 30 ካልተሳካልኝ» ብለሃል። ምኑ ነው የሚሳካው? እሱን አልጻፍክልኝም። መታወቅ ከሆነ እኔም ማንም የሙያ አማካሪ ቀን ልንቆርጥልህ አንችልም። በትወና የሚኖር ሰው መሆን ከሆነ ግን ያ ሙያ ነው፣ ሙያ ደግሞ ይለመዳል፣ ይለካል፣ በየዓመቱ ተሻሻልኩ ወይስ አልተሻሻልኩም ተብሎ ይጠየቃል።

ደብዳቤህ ላይ ልቤን የነካኝ ግን ይህቺ ዓረፍተ ነገር ነች፦ «ካሜራው ሲበራ ውስጤ እባካችሁ ውሰዱኝ እያለ ይለምናል»። ክራንስተንም እዚህ ነበር። ስራ እንዲሰጡት ሲል ነበር ኦዲሽን የሚሄደው፣ ደስ ሊያሰኛቸው ሲል። ኋላ ነገሩን ገለበጠው። እዚያ የምሄደው ስራ ለማግኘት አይደለም፣ ያዘጋጀሁትን ለመስራት ነው አለ። ተዋናይ ነኝ፣ እተውናለሁ፣ አበቃ፣ ወደ ቤቴ። ማን እንደሚመረጥ የሚወስኑት እነሱ ናቸው፣ በቁመት ሊሆን ይችላል፣ በጸጉር ሊሆን ይችላል፣ የአምራቹ የአክስት ልጅ ስለሆነም ሊሆን ይችላል። አንተ እጅ ላይ ያለው ሁለቱ መስመር ብቻ ነው። ይህን ካሰብክ ወዲህ ልመናው ይቀንሳል፣ ልመና ደግሞ ፊት ላይ ይታያል ወንድሜ፣ ካሜራ አይደብቅልህም።

ትንሽ ስራ የት እንደሚደርስ አይታወቅም ስልህ ለማጽናናት አይደለም። በ1998 ክራንስተን «ዘ ኤክስ ፋይልስ» የተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ላይ አንድ ክፍል ብቻ ሰራ። ገጸ ባህሪው ክፉ አፍ ያለው፣ ሰው የሚጠላ፣ አይሁዶችን የሚሳደብ ሰውዬ ነው፣ ያለባት መኪና ወደ ምዕራብ መሄዷን ካቆመች ጭንቅላቱ ይፈነዳል። ችግሩ ተመልካቹ እየተጸየፈው ሊያዝንለት ይገባል፣ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ። ክፍሉን የጻፈው ቪንስ ጊሊጋን ነበር። ከዓመታት በኋላ ጊሊጋን «ብሬኪንግ ባድ»ን ጽፎ ዋናውን ሚና ለእሱ ሲያስብ ድራማውን የሚያሳየው ጣቢያ፣ የኤኤምሲ፣ ሰዎች ተጠራጠሩ፣ ምክንያቱም እነሱ የሚያውቁት «ማልከም ኢን ዘ ሚድል» ላይ 151 ክፍል ሙሉ ሲያስቅ የኖረውን አባት ነው። ጊሊጋን ምን አደረገ? ያቺን የ1998 ክፍል አሳያቸው። በቃ። የአንድ ሳምንት ገደማ ስራ፣ አሥር ዓመት ሊሞላው ሲል መጥታ በሩን ከፈተችለት። አራት ጊዜ በምርጥ ተዋናይነት ኤሚ የወሰደበትን በር።

የማልከምም አባት ቢሆን ሲጀመር ጽሁፉ ላይ ብዙም አልነበረም። እናትየዋ ነበረች ሙሉ ሰው ሆና የተጻፈችው። ክራንስተን የእሷን ጠባይ እያየ ተቃራኒውን ወሰደ፦ እሷ የማትፈራ ከሆነች እሱ ፈሪ፣ እሷ ሁሉን የምትቆጣጠር ከሆነች እሱ ነገር የሚያመልጠው። ባዶውን ቦታ እንዲህ ሞላው። ዋልተር ዋይትንም እንዲሁ፤ ቦርጩ፣ የገረጣ ፊቱ፣ ያቺ ሰው የማታስፈራ ሪዝ፣ ብዙው ከራሱ ጭንቅላት የወጣ ነው። ከመቀረጹ በፊት ይህ ሰው ምን ይለብሳል፣ እንዴት ይቆማል ብሎ አስቦ ነው የመጣው።

እስቲ አሁን ያንተን ፋርማሲስት እንየው። መስመሮቹን ልከህልኛል፦ «ኢንሹራንስህ አልተቀበለውም» እና «ቀጣይ»። አንተ «ምንም የለውም» ብለሃል። እኔ ተዋናይ አይደለሁም፣ ግን ፋርማሲ ወረፋ ላይ ብዙ ቆሜያለሁ። ይህ ሰው ስንት ሰዓት ቆሞ ውሏል? ይህችን ዓረፍተ ነገር ዛሬ ለስንተኛ ጊዜ ነው የሚናገራት? መድኃኒቱ ለማን እንደሆነ ያውቃል? ዋጋውን ኮምፒውተሩ ላይ አይቶ የሰውዬውን ፊት ማየት ይከብደዋል ወይስ ለምዶታል? በ«አልተቀበለውም» እና በ«ቀጣይ» መካከል ያለችው ዝምታ ያንተ ናት፣ ማንም አልጻፈልህም። እሷን ስራት። ሌላ ነገር አትጨምር፣ ፊትህን አታጨማድ።

ስለ አክሰንትህ፣ ማለትም ስለ እንግሊዝኛ አነጋገርህ ቃና፣ ደግሞ። እውነቱን ልንገርህ፣ የሚጠሩህ ሚናዎች ለጊዜው ጠባብ ናቸው፣ ክራንስተን ይህ ችግር አልነበረበትም፣ ስለዚህ የሱን መንገድ እንዳለ ቅዳ አልልህም። ግን አነጋገር ልክ እንደ ሰይፍ ፍልሚያና እንደ ዳንስ የሚሰለጥኑበት ነገር ነው። አዲስ አበባ የተወለደችው ተዋናይት ሩት ነጋ አየርላንድ ውስጥ አድጋ፣ የቨርጂኒያ ሴት በአነጋገሯ ሆና ተውና በ2017 ለኦስካር ታጭታለች። ያንተን አነጋገር አታጥፋው፣ ሁለተኛ ጨምርበት። ትምህርቱን ደግሞ 1,800 ዶላር ከሚጠይቅህ ሰው ጋ ሳይሆን ከኮሚኒቲ ኮሌጅ ውሰደው፤ ለካሊፎርኒያ ነዋሪ በዩኒት (በአንድ ክሬዲት) 46 ዶላር ነው። ክራንስተን የተማረበት ቫሊ ኮሌጅ ዛሬም የቲያትር ትምህርት ይሰጣል። ከቤትህ በአውቶቡስ ትደርሳለህ።

እናትህን በተመለከተ፣ እባክህ አትጋጫት። የምትፈራው ነገር እውነት ነው። በ2023 የሆሊውድ ተዋናዮች ማህበር ለ118 ቀን የስራ ማቆም አድማ ሲመታ በይፋ ሲነገር የነበረውን አስታውስ፦ የማህበሩን የጤና መድን ለማግኘት ከትወና በዓመት 26,470 ዶላር ማግኘት ያስፈልግ ነበር፣ አብዛኛው አባል እዚያ አይደርስም። አባል ሆነው ነው እንግዲህ። ስለዚህ ሌላ እንጀራ ያስፈልግሃል፣ ለዓመታት፣ እና ኡበር ለዚህ ጥሩ አይመስለኝም። ሌሊቱን ነድተህ ጠዋት የደከመ ፊት ይዘህ ካሜራ ፊት ትቆማለህ። ነርሲንግም ልብህ ከሌለበት በሽተኛው ላይ ግፍ ነው።

እኔ የማስብልህ የህክምና አስተርጓሚነትን ነው፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ። ሀገር አቀፍ የምስክር ወረቀት ለማግኘት ለፈተና መቀመጥ አለብህ፣ ከዚያ በፊት ቢያንስ 40 ሰዓት ስልጠና ይጠይቃል። ብዙው ስራ በስልክና በቪዲዮ ነው፣ ሰዓት መምረጥ ትችላለህ፣ ኦዲሽን ሲመጣ መውጫ አለህ። ቀኑን ሙሉ የሐኪሙንም የታማሚውንም ንግግር በአንደኛ ሰው ትናገራለህ፣ «ደረቴን ያመኛል» ትላለህ እንጂ «ደረቱን ያመዋል» አትልም። ከዚህ የተሻለ የትወና ልምምድ የሚከፈልበት ቦታ አላውቅም። እናትህም ልጄ ሆስፒታል ነው የሚሰራው ብትል ውሸት አይሆንባትም።

ስለዚህ ልተወው ወይስ ልቀጥል ላልከው፣ ቀጥል እላለሁ፣ ግን 30 ዓመት የሚለውን ቀነ ገደብ ቅደድና ሌላ ጻፍ፦ እስከ መጪው መስከረም ሁለት የትወና ኮርስ፣ የአስተርጓሚ ፈተና፣ እና እያንዳንዱን ኦዲሽን የምትመዘግብበት ደብተር። ደብተሩ ላይ «ወሰዱኝ ወይስ አልወሰዱኝም» አትጻፍ። ምን አዘጋጀሁ፣ የቱን ሰራሁት፣ የቱ አመለጠኝ፣ እሱን ብቻ ጻፍ። ከአሥር ኦዲሽን በኋላ ላክልኝና አብረን እናየዋለን።

የማክሰኞውን ቴፕ ሰኞ ቀን ላይ ቅረጸው፣ ሳትነዳ። መብራቱን ከፊትህ አድርግ፣ ግድግዳው ባዶ ይሁን፣ ሌላኛውን መስመር ጓደኛህ ከካሜራው ጎን ቆሞ ያንብብልህ። ሦስት ጊዜ ብቻ ቅረጽ፣ ሠላሳ አይደለም። ከላክኸው በኋላ ፋይሉን ዝጋና ለእናትህ ደውል፣ ስለ ስልጠናው ንገራት።