«ይሰረዝልሃል» ያልኩት ልጅ

ባለፈው እሁድ ከቤተክርስቲያን ስንወጣ አንድ ልጅ ፓርኪንጉ ላይ ያዘኝና «ጋሼ፣ ቨርጂኒያ ማሪዋና ከ2021 ጀምሮ ሊጋል ነው አይደል፣ የሲትዝንሺፕ ኢንተርቪው ላይ አጨሳለሁ ብል ምን ይሉኛል?» አለኝ። ሳቅኩ። መኪናዬ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ግን ሞተር ማስነሳት አቃተኝ።

ፍርድ ቤት ሳስተረጉም ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ትዝ ያለኝ ሌላ ልጅ ነው፣ 2007 ላይ። 22 ዓመቱ፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ውስጥ ትኬት ቆራጭ ነበር፣ ፖሊስ የኋላ መብራትህ አይሰራም ብሎ አስቁሞት ከወንበሩ ስር በፌስታል የተጠቀለለ ጫት አገኘበት። ለሱ የቅዳሜ ጨዋታ ነው። ትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ግን ቨርጂኒያ ከሄሮይን ጋር አንድ መደብ ውስጥ ነው የከተተችው፣ ስለዚህ ፌሎኒ፣ ከባድ ወንጀል ነው።

መንግስት ያቆመለት ጠበቃ ችሎቱ በር ላይ አስር ደቂቃ እንኳን አላናገረውም። የመጀመሪያህ ስለሆነ ጥፋተኛ ነኝ በል፣ ዳኛው ፍርዱን ያቆዩታል፣ ፕሮቤሽንህን፣ የክትትል ጊዜህን ማለት ነው፣ በደንብ ከጨረስክ ኬሱ ዲስሚስ ይሆናል አለው። እኔም «ይሰረዝልሃል» አልኩ። ትርጉሙ ትክክል ነው፣ ዛሬም እንደዛው ነው የምለው።

የአጎቱን ኮት ለብሶ እጅጌው ጣቶቹን ሸፍኖታል። ዞር አለና በሹክሹክታ «ጋሼ፣ ይሻለኛል?» አለኝ። አስተርጓሚ ምክር አይሰጥም፣ ምለን ነው የምንገባው፣ ደንቡም ልክ ነው። ጥያቄውን ለጠበቃው መናገር ነበረብኝ። እኔ ራሴን ነቀነቅኩ። ያውም ኢሚግሬሽን እንዲህ አይነቱን «ዲስሚስ» እንደማይቀበል ከሌላ ኬስ ሰምቼ ነበር፣ በ1996ቱ ሕግ ጥፋተኛ ነኝ ብለህ ቅጣት ቢጤ ከተጣለብህ ስቴቱ ቢሰርዘውም ለነሱ ተፈርዶብሃል።

2009 እናቱን ጠይቆ ሲመለስ ደለስ ኤርፖርት ያዙት፣ በዛው ዲፖርት ተደርጎ ሄደ። በዓመቱ 2010 ላይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፓዲያ ኬስ ጠበቃ ስለ ዲፖርቴሽን ለደንበኛው የመንገር ግዴታ አለበት ብሎ ወሰነ፣ 2013 ላይ ደግሞ ከዛ በፊት ላለቁ ኬሶች ወደኋላ አይሰራም አለ።

እናንተ ደግሞ ሕግ የምትማሩት ከቲክቶክ ነው። እኛ ፖሊስ ስናይ እንንቀጠቀጥ ነበር፣ መንቀጥቀጡም አላዳነንም። ስለ መጠጥ አልነግራችሁም፣ ኡበር አለ። ግን «ተኝቼ ነበር እንጂ አልነዳሁም» የሚል ስንቱን አስተረጎምኩ መሰላችሁ፣ ጎዳና ላይ ቆመህ፣ ሰክረህ መሪው ጋ ቁጭ ብለህ ቁልፉ ከተሰካ የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 እንደ ነጂ ቆጥሮታል። የሴት ጓደኛ ነገርም አለ፣ የውድሮው ዊልሰንን ድልድይ ስትሻገሩ ለወሲብ ፈቃድ መስጫው እድሜ ይቀየራል፣ ሜሪላንድ 16 ቨርጂኒያ 18። የ20 ዓመት ልጅ ይሄን ሳያውቅ ሲያለቅስ አይቻለሁ፣ የልጅቷም እናት ከኋላው ቁጭ ብላ ታለቅሳለች።

ፓርኪንግ ላይ ለጠየቅከኝ ልጅ፣ የሚያዩህ በፌደራል ሕግ ነው፣ እዛ ማሪዋና ዛሬም ክልክል ነው፣ ስቴቱ ፈቅዶ እንኳን ሲትዝንሺፕ ሊያስከለክል እንደሚችል ኢሚግሬሽን በ2019 ራሱ በጽሁፍ አውጥቷል። ዋሽ አላልኩህም፣ መሀላ ላይ መዋሸት የባሰ ነው። ፎርሙን ሳትሞላ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አናግር፣ የክሪሚናሉን አላልኩህም፣ እኔንም አትጠይቀኝ።

የጫቱን ልጅ አምና አዲስ አበባ ገርጂ አገኘሁት። ሚኒባስ ገዝቶ ያሰራል፣ ሁለት ልጆች ወልዷል። ቡና ጋበዘኝ፣ ስለዛ ነገር ምንም አላነሳም። ታክሲ ሊያስይዘኝ ሲወጣ ነው «ጋሼ፣ ያኔ ይሻለኛል ወይ ስልዎት ራስዎን ነቅንቀውልኝ ነበር፣ ትዝ ይልዎታል?» ያለኝ።

አይ፣ ትዝ አይለኝም አልኩት።