ዝናብ በጣለ ቁጥር «ፈንጂ» የሚል መሣሪያ

ጠያቂያችን የፊዚክስ ተመራቂ ተማሪ ነው። «ጋሼ፣ ለመመረቂያ ሥራዬ በኒውትሮን (በአቶም እምብርት ውስጥ ባለው ቅንጣት) የሚሠራ የፈንጂ መፈለጊያ ገጣጥሜ ነበር። የኒውትሮን ምንጩ የትምህርት ክፍላችን ጨረር አመንጪ አሜሪሲየም-ቤሪሊየም ነው፣ ኒውትሮኖቹን የሚቆጥረው ደግሞ ሂሊየም-3 ጋዝ የተሞላ ቱቦ። ደረቅ አሸዋ ውስጥ የቀበርኩትን ፕላስቲክ ቁልጭ አድርጎ ያሳየኛል። ከዝናብ በኋላ ግቢው ውስጥ ዋልካ አፈር ላይ ስሞክረው ግን በየቦታው ይጮሃል። ቱቦው ተበላሽቶ ይሆን?»

ቱቦህ ደህና ነው፣ አትነካካው። መሣሪያህ የሚያየው ፈንጂ ሳይሆን ሃይድሮጅን ነው። ፈጣኑ ኒውትሮን ከሃይድሮጅን ጋር ሲጋጭ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ቱቦው የሚቆጥረው ዘገም ብሎ የተመለሰውን ነው። ሃይድሮጅን ፕላስቲክም ውስጥ አለ፣ ፈንጂም ውስጥ አለ፣ ውሃ ውስጥማ ሞልቷል። የአፈር ባለሙያዎች እርጥበት የሚለኩበት የኒውትሮን መሣሪያ የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ሳታስበው እሱን ሠርተሃል።

እስቲ እናስላው። 100 ሚሊ ሊትር የሚሞላ ቲኤንቲ (ፈንጂ ውስጥ የሚታጨቀው የሚፈነዳ ቅመም) 160 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ሃይድሮጅኑ 3.5 ግራም ነው። ያንኑ ያህል የሚመዝን አፈር 10 በመቶው ውሃ ከሆነ 1.8 ግራም ሃይድሮጅን ይይዛል። ውሃው 20 በመቶ ሲደርስ 3.6 ግራም ይሆናል። በቃ፣ ፈንጂውና አፈሩ እኩል ሆኑ! ልዩነት ከሌለ ደግሞ ሶፍትዌር አይፈጥረውም። ዋልካ ላይ ይብሳል፤ ሸክላው በፀሐይ ደርቆ እንኳ የማይለቀው የታሰረ ውሃ አለው።

አሸዋው ላይ ያገኘኸው ውጤትም ትንሽ ሸንግሎሃል። የተለመደው ፕላስቲክ፣ ፖሊኤትሊን፣ ከክብደቱ 14 በመቶው ሃይድሮጅን ነው፤ ቲኤንቲ ግን 2.2 በመቶ ብቻ። ስለዚህ በፕላስቲኩ ፋንታ በሜላሚን ዱቄት ሞክረው፤ ሃይድሮጅኑ 5 በመቶ ገደማ ስለሆነ ይቀርባል፣ እንደ ፈንጂው ናይትሮጅንም ሞልቶታል። እውነተኛ ፈንጂ ግን ባዶ ነው ቢሉህም እንዳትነካ።

አሁን ወደ ጥገናው። መሣሪያውን በእጅህ አንጠልጥለህ ከሆነ የምትዞረው፣ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ቆጠራው ይዋዥቃል። ጎማ ያለው ጋሪ ላይ እሰረውና ከመሬት ያለው ርቀት አይለወጥ። ከዚያ ሁለተኛ ቱቦ ጨምር፤ አንዱ ከምንጩ ግራ፣ ሌላው ቀኝ። ድምሩን ተወውና ልዩነቱን ተከታተል። እርጥበት አብዛኛውን ጊዜ ሰፋ አድርጎ ስለሚይዝ ሁለቱንም ቱቦ እኩል ያነሳል፤ ፈንጂ ግን መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን ነው የሚያነሳው። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ ሄደውበታል፤ እኔም ከሁሉ የምወደው እሱን ነው።

«ለምን በሃይድሮጅኑ ፋንታ የፈንጂውን ናይትሮጅን አላስስም?» ትል ይሆናል። ይቻላል። ናይትሮጅን ዘገምተኛ ኒውትሮን ሲውጥ 10.8 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያለው ጋማ ጨረር ይለቃል። የካናዳ ጦር በተሽከርካሪ ጭኖ ተጠቅሞበታል፤ ግን ሌሎቹ ሴንሰሮች የጠረጠሩትን ለማረጋገጥ፣ ያውም በዋናነት ለትልልቅ ፀረ ታንክ ፈንጂ። ምልክቱ ደካማ ነው፣ ደቂቃዎች መቆም ይጠይቃል፣ የአፈሩ ሲሊከን ጨረርም በ10.6 ሚሊዮን ላይ እየመጣ ይረብሻል። ለመመረቂያ ሥራ አልመክርህም።

ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት አፈሩን በጣሳ ውሰድ፣ መዝነው፣ በ105 ዲግሪ ምድጃ 24 ሰዓት አድርቀህ ድጋሚ መዝነው። እርጥበቱ ከ10 በመቶ ካለፈ ውጤቱን አትመነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ የሚያዋጣው እንደ ኦጋዴን ባለ ደረቅ አሸዋ እንጂ በደጋ ክረምት አይደለም። ጽሑፍህ ላይም «ፈንጂ ፈላጊ» አትበለው፤ «ብረት ጠቋሚ የጠረጠረውን በደረቅ አፈር ላይ ማረጋገጫ» በለው። ደግሞ ያን ምንጭ ግቢ ስታወጣ የጨረር ደኅንነት ኃላፊው ያውቃል?