ማዕዘኑ ላይ ኮለን የሌለው ሕንፃ እንዴት ቆመ?

ጥያቄ፦ ፊላደልፊያ ነው የምኖረው። ወደ ሥራ ስሄድ በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ሪቻርድስ በሚባለው የላቦራቶሪ ሕንፃ በኩል አልፋለሁ። ማዕዘኖቹ ላይ መስኮት እንጂ ኮለን የለም። አገር ቤት ስንሠራ የማዕዘኑ ኮለን አይቀርም ነበር። ይሄ በምን ቆመ? በሥሩ ማለፍስ አያሰጋም?
አንባቢ፣ ከፊላደልፊያ

መልስ፦ አያሰጋም እህቴ፣ በሰላም ይለፉ። ግን ዓይንዎ ዋናውን ነገር አይቷል።

በ1960 እ.ኤ.አ. የተመረቀው ይህ ሕንፃ ሲነሳ የሚጠራው አርክቴክቱ ሉዊ ካን ነው። እኔ የስትራክቸር መሐንዲስ ነኝና የስትራክቸሩን መሐንዲስ ኦገስት ኮመንዳንትን ሳልጠራ አላልፍም። የጥያቄዎ መልስ ያለው እሱ ሥራ ውስጥ ነው።

የአንዱ ላቦራቶሪ ታወር ወለል አራት ጎኑ እኩል ነው፤ እያንዳንዱ ጎን ወደ 14 ሜትር ይጠጋል። ኮለኖቹ 8 ናቸው፤ በየጎኑ ሁለት ሁለት። የቆሙት ጎኑን ሦስት ቦታ በሚከፍሉት ነጥቦች ላይ ነው። ከኮለኑ እስከ ጥጉ ያለው 4.5 ሜትር ገደማ ከሥሩ ድጋፍ የለውም። ካንቲሊቨር ነው፤ እንደ ፎቅ በረንዳ ማለት ነው።

ካንቲሊቨር የሚጨነቀው ከኮለኑ ጋር በተያያዘበት በኩል ነው፤ ጫፉ ብዙ ጉልበት አይጠየቅም። ሲያልፉ የዳሩን ቢም ልብ ብለው ይዩት። ወደ ጥጉ ሲሄድ ደረጃ በደረጃ እየቀጠነ ነው። ለጌጥ አይደለም። ኃይሉ ሲቀንስ አርማታውም ቀነሰ። እኔ ይህን ሕንፃ የምወደው ለዚህ ነው፤ ስሌቱ ከመንገድ ላይ ይነበባል።

ይህ አርማታ ደግሞ ሳይት ላይ የተሞላ አይደለም። ቢሙም ኮለኑም ፋብሪካ ተሠርቶ በመኪና መጣ፣ በክሬን ተገጣጠመ። ከዚያ በውስጡ ያለፈው የብረት ገመድ በኃይል ተወጠረና ክፍሎቹን አንድ ላይ ጠፍሮ ያዘ። አርማታ ሲጨመቅ ብርቱ ነው፣ ሲሳብ ግን ይሰነጠቃል። ገመዱ አስቀድሞ ስለጨመቀው ሸክም ሲመጣበት ቶሎ አይሰነጠቅም።

ላቦራቶሪ ቧንቧና የአየር ቱቦ ይበዛበታል። ስለዚህ ወለሉን የተሸከሙት ትረሶች፣ ማለትም መሀላቸው ክፍት የሆነ ቢሞች ናቸው፤ ቪረንዴል የሚባሉት፣ በክፍተቱ መሀል ሰያፍ ዘንግ የሌላቸው ዓይነት። ሰያፉ ሲቀር መገጣጠሚያው በጣም ጠንካራ መሆን አለበት፤ ቧንቧው ግን በክፍተቱ እንደ ልብ ያልፋል።

ሁሉም ሰመረ ማለት አይደለም። በመስኮቶቹ የሚገባው ፀሐይ ተመራማሪዎቹን አስቸግሮ መስታወቱ ላይ ፎይል እስከ መለጠፍ ደርሰዋል። ስትራክቸሩ ጥጉን ነፃ አወጣው እንጂ በመስታወት ሙሉት አላለም። እዚያ ላይ ለሚሠራው ሰው ዓይን ይበልጥ መታሰብ ነበረበት ባይ ነኝ።

ጊዜ ካገኙ ወደ መግቢያው ጠጋ ይበሉ። ግራውንዱ ክፍት ስለሆነ ቀና ሲሉ ትረሶቹን ሳይሸፈኑ ያዩዋቸዋል።