«ኩሩ ናት» እየተባልሁ 46 ዓመት ሞላኝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ያደግሁት ደሴ ነው፤ አሁን የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። አምና የ8 ዓመት ልጄ ኦቲዝም እንዳለበት ተነገረን። ስለ እሱ የተሰጠኝን መጠይቅ ስሞላ ግማሹ ስለ እኔ ሆነብኝ። አዲስ ልብስ አንገቱ ላይ ያለችውን ጨርቅ ሳልቆርጥ አልለብስም። ሰርግ ላይ ሙዚቃው ሲበረታ ወጥቼ መኪና ውስጥ እቀመጣለሁ። ለቅሶ ቤት ከመግባቴ በፊት የምናገረውን አጠናለሁ። ሰላምታ ላይ ስንቴ መሳም እንዳለብኝ ዛሬም ግራ ይገባኛል። ዘመዶቼ «ኩሩ» ይሉኛል። ባለቤቴ «ቢኖርብሽ እስካሁን ይታወቅ ነበር፤ በራስሽ ላይ በሽታ አትፈልጊ» አለኝ። እናቴ ደግሞ በስልክ «በስመ አብ! ጸበል ተጠመቂ» አሉኝ። በዚህ ዕድሜ መመርመር ምን ይጠቅመኛል?
ሐ.

መልስ፦ ሐ. እህቴ፣ በአእምሮ ጤና ነርስነት ስሠራ በልጃቸው መጠይቅ ውስጥ ራሳቸውን ያገኙ ወላጆች ገጥመውኛል። አይገርምም፤ ኦቲዝም በአብዛኛው በዘር የሚወረስ ነገር ነው። በክትባት አይመጣም፣ በእናት አያያዝም አይመጣም። ሌላ የሚልሽ ካለ አትስሚው።

«እስካሁን ይታወቅ ነበር» ለሚለው፣ ማን ይወቅልሽ? ኦቲዝም በአሜሪካኖቹ የምርመራ መመሪያ ራሱን ችሎ የገባው በፈረንጆች 1980 ነው። ያኔም የሚታሰበው አፍ ያልፈታ ሕፃን ነበር። አስፐርገር በሚል ስም የሚናገሩትና የሚማሩት የተካተቱት በ1994 ነው። በ2013 ሁሉም በአንድ ስም ተጠቃለሉ። ድምፅና ጨርቅ የሚረብሸው ሰው ጉዳይም ያኔ ከመለያዎቹ አንዱ ሆነ። አገር ቤት ደግሞ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ የከፈቱት በፈረንጆች 2002 ነው፤ አንቺ ያኔ ትልቅ ሰው ነበርሽ። በዚያ ላይ ዝም ያለች ሴት ልጅ እኛ ጋ «ጨዋ» ተብላ ትመሰገናለች እንጂ ሐኪም ጋ አትወሰድም።

መጠይቁ ብቻውን ግን አይበቃም። ጭንቀት፣ የትኩረት ችግር፣ የቆየ የስሜት ጉዳት ከውጭ ሲያዩት ይመሳሰላል፤ አብሮም ይኖራል። ጎልማሳ የሚመረምር ሳይኮሎጂስት ፈልጊ፤ ሕፃናትን ብቻ የሚያዩት ብዙ ናቸው። ኢንሹራንስሽ የአዋቂ ምርመራ ይከፍል እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ከኪስ ሲሆን ውድ ነው።

መርማሪው ስለ ልጅነትሽ መጠየቁ አይቀርም። እዚህ ላይ ምስክርሽ እናትሽ ናቸው። ስለ ኦቲዝም አትከራከሪያቸው። ጸበሉንም አትንኪባቸው፤ መጠመቅ ከፈለግሽም ከምርመራው ጋር አይጣላም። ይልቅ መቼ አፍ እንደፈታሽ፣ ከማን ጋር ትጫወቺ እንደነበር፣ የቱን ልብስ አልለብስም ብለሽ እንዳለቀስሽ ጠይቂያቸው። እናት ይህን አውርታ አትጠግብም። እየሰማሽ ጻፊው።

ባለቤትሽ የፈራ ይመስለኛል። በአንድ ዓመት ውስጥ ልጁንም ሚስቱንም በአንድ ስም መጥራት ለማንም ይከብዳል። ለጊዜው ስሙን ተዪውና የምትፈልጊውን ንገሪው። ሰርግ ቤት ወጥተሽ ስትቀመጪ «ምን ሆና ነው?» ለሚሉት እሱ ይመልስ። እንግዳ ሲመጣ እሱ ያጫውት፣ አንቺ ቡናውን ያዢ። እጅ ሥራ ሲይዝ ጨዋታው ይቀላል፤ ይህን ምክር ለብዙ ሰው ሰጥቻለሁ፣ ኦቲዝም ለሌለበትም።

ጥቅሙን ጠይቀሽኛል። ኦቲዝምን የሚያጠፋ ክኒን የለም፤ ምርመራው እሱን አያመጣልሽም። ሥራ ቦታ ግን ይረዳሻል። በ1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ኦቲዝምንም ሊሸፍን ይችላል። ጸጥ ያለ ጥግ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ የሚሰጥ ትእዛዝ መጠየቅ ትችያለሽ። አሠሪሽ የሐኪም ማስረጃ ሊል ይችላል፤ ወረቀቱ የሚያስፈልግሽ ያኔ ነው። ሥራሽ የማያስቸግርሽ ከሆነ ምርመራው አይጣደፍ። የልብስሽን ጨርቅ ለመቁረጥ፣ ከሰርግ ቀደም ብሎ ለመውጣት የማንም ፊርማ አያስፈልግሽም።