1200 ሲደመር 50፣ 120050 ብር

«ኮምቦልቻ ነኝ፤ ጃቫስክሪፕት ጀምሬ ዳታ ታይፕ ላይ ተያዝኩ፤ ሁሉንም ልሸምድድ ወይ?» ላልከው ወንድሜ፣ አብሽር። ዳታ ታይፕ ማለት የፕሮግራም ቋንቋው የሚይዘው የመረጃ ዓይነት ነው፤ ስትሪንግ (ጽሑፍ)፣ ነምበር (ቁጥር)፣ ቡሊያን (እውነት ወይም ሐሰት) እያለ 7 ፕሪሚቲቭ (መሠረታዊ ዓይነት) አለ፣ የቀረው ኦብጀክት (ብዙ መረጃ አንድ ላይ የሚይዝ) ነው። ከ7ቱ ሲምቦልና ቢግኢንት የሚባሉትን እኔም እስካሁን አልነካኋቸውም።

1. ከፎርም ሳጥን የምታነበው ቫልዩ (ሰው የሞላው ነገር) ስትሪንግ ነው። ሳጥኑን ነምበር ብትለውም ያው ነው። ይህን ሳላውቅ ነው ደሴ ፒያሳ ላሉ አንድ የጨርቅ ነጋዴ የማዘዣ ገጽ የሠራሁት። ቅናሹን ሞከርኩ፤ 1200 ሲቀነስ 50፣ 1150 አለኝ። መቀነሱ ከሠራ መደመሩ የት ይሄዳል ብዬ አስረከብኩ። ለካ የመቀነስ ምልክት ስትሪንጉን ራሱ ወደ ቁጥር ይቀይረዋል፤ የመደመር ምልክት ግን ስትሪንግ ካገኘ አይደምርም፤ አንዱን ከሌላው ጎን ይቀጥለዋል። ጨርቁ 1200፣ ማድረሻው 50፣ ድምሩ 120050 ብር! አንዷ ደንበኛ ደውላ «ጨርቅ ነው ወይስ ባጃጅ?» አለቻቸው።

2. ደንግጠህ ሁሉንም ወደ ነምበር አትቀይር። እኔ ቀየርኩ፤ ስልክ ቁጥሩን ጭምር! በ09 የሚጀምረው ሁሉ ዜሮውን ጥሎ በ9 ጀመረ። ነጋዴው ቢደውሉ ቢደውሉ አይገባም። ኔትወርኩን ሲራገሙ ከረሙ፤ እኔም አፍሬ አብሬያቸው ረገምኩ። የማትደምረው የማትቀንሰው ቁጥር ስትሪንግ ሆኖ ይቀመጥ።

ኪሴን የነካው ግን ይሄ አይደለም። ባዶ ስትሪንግ ወደ ነምበር ሲቀየር 0 ይሆናል። ናን («ቁጥር አይደለም» ማለት ነው) ቢለኝ እነቃ ነበር፤ እሱ ግን ዝም ብሎ 0። የሱቁ ልጅ የማድረሻውን ሳጥን ባዶ በተወው ቁጥር ዕቃው በነፃ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ይገባል። ወር ሲሞላ ደብተሩን ዘርግተው ጠሩኝ። እንደወትሮው ቡና ጠጣ እንኳን አላሉኝም። የቀረችኝን ግማሽ ክፍያ በዚያው አስቀሩብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አልክድም። ግን እኔው አስተካክዬላቸው እስከዛሬ ይሠሩበታል፤ የሚያበግነኝ እሱ ነው።

አሁን መጀመሪያ ሳጥኑ ባዶ መሆን አለመሆኑን አያለሁ፣ ከዚያ ነው የምቀይረው። ከዚያ ወዲህ 3 ሱቅ ሠርቻለሁ፤ አንድም ድምር አልተሳሳተብኝም።

እ፣ ታይፕኦፍ (ዓይነቱን የሚነግርህ ትእዛዝ) ስትለው ናንን «ነምበር»፣ ነልን (ሆን ተብሎ ባዶ የተደረገውን) «ኦብጀክት» ቢልህ ላፕቶፑን እንዳትወረውር። ቋንቋው በፈረንጆቹ 1995 ሲወጣ ጀምሮ አመሉ ነው።

የምትደምርበትን መስመር እዚህ ለጥፈው፣ ማታ አየዋለሁ።