ጥያቄና መልስ፦ አጭር ሰው፣ ትንሽ ሮኬት

ባለፈው ስለ ጠፈር ልብስ ከጻፍኩ በኋላ የመጣው ጥያቄ ሁሉ ስለ ቁመት ሆኗል። ረጃጅሞቹን ደብዳቤዎች አሳጥሬያለሁ።

ዩሪ ጋጋሪን በጣም አጭር ነበር የሚባለው እውነት ነው?

አዎ። ጠፈር የወጣው የመጀመሪያው ሰው ቁመቱ 1.57 ሜትር ገደማ ነበር።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ሰው ጣት ቢያህል ኖሮ ጠፈር መሄድ ርካሽ አይሆንም ነበር? ብዬ ብጠይቅ ክፍሉ ሳቀብኝ።

ይሳቁ። ከመጡት ሁሉ የወደድኩት ያንተን ነው።

1.70 ሜትር ቁመትና 70 ኪሎ ክብደት ያለው ሰው ወደ 10 ሴንቲሜትር ይውረድ እንበል። ቁመቱ 17 ጊዜ ያንሳል። ወርዱና ውፍረቱም አብረው ስለሚቀንሱ ግን ክብደቱ ወደ 4,900 ጊዜ ያንሳል። 14 ግራም ገደማ ቀረ ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ርካሽ ነው።

ጣጣው የማይቀንሱት ነገሮች ናቸው። ምድርን መዞር የፈለገ ሁሉ፣ ዝሆንም ይሁን ጉንዳን፣ በሰከንድ ወደ 8 ኪሎ ሜትር መብረር አለበት። ሮኬት ደግሞ ሲያንስ ብክነቱ ይብሳል፤ ከክብደቱ አንጻር አየሩ በጣም ይጎትተዋል። በ2018 እ.ኤ.አ. ጃፓን ኤስኤስ-520-5 በሚባል 2.6 ቶን ሮኬት 3 ኪሎ ገደማ የምትመዝን ሳተላይት ምሕዋር፣ ማለትም ምድርን የምትዞርበት መንገድ ውስጥ፣ አስገባች። ፋልከን 9 የሚባለው የአሜሪካ ሮኬት ወደ 549 ቶን ይመዝናል፤ እስከ 22.8 ቶን ያደርሳል። አስላው። በትንሹ ሮኬት ለአንድ ኪሎ ጭነት 870 ኪሎ ገደማ ይነሳል፤ በትልቁ 24። ስለዚህ ጣት የሚያህሉት ሰዎች የራሳቸውን ትንሽ ሮኬት ቢሠሩ ይከስራሉ። የሚያዋጣቸው ትልቁ ላይ እንደ ሚኒባስ ተሳፋሪ መታጨቅ ነው። የኛዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1ም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተነሳችው ከሌሎች ሳተላይቶች ጋር ተደርባ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ጨረሩ ነው። የጠፈርን ጨረር የሚያዳክመው የግድግዳው ውፍረት ነው። ውስጥ የተቀመጠው ሰው ትንሽ ስለሆነ አይራራለትም። ለእኛ ግማሽ ሜትር የውሃ ግድግዳ ቢያስፈልግ ለእነሱም ያው ግማሽ ሜትር ነው። ክፍላቸው የጫማ ካርቶን፣ ግድግዳው ከክፍሉ የወፈረ! ስለ ማርስ ሲነሳ ሰው ሁሉ ሮኬት ሮኬት ይላል። በእኔ ግምት ጉዞውን የሚያዘገየው ይሄ ግድግዳ ነው፣ ለረጅሙም ለአጭሩም።

የምግቡን ነገር ደግሞ አትርሳ። ትንሽ አካል ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። ቀኑን ሙሉ ሲበሉ ነው የሚውሉት።

ጉንዳን ከፎቅ ብትወድቅ አትሞትም። ትንሽ ሰውስ ከጠፈር ዘሎ ቢወርድ?

ጉንዳኗን የሚያድናት አየሩ ነው። ከምሕዋር በዚያ ፍጥነት ለሚገባ ሰው ግን ያው አየር እሳት ይሆንበታል። እባክዎ አይሞክሩት።

ቁመቴ 1.55 ነው። ሴት ነኝ። ጠፈርተኛ ለመሆን አጠርኩ?

ሶዩዝ ቲኤምኤ የተባለችው የሩሲያ መንኮራኩር ከ1.50 እስከ 1.90 ሜትር ትቀበል ነበር። ቁመትሽ ሳይሆን ልብሱ ነው ያስቸገረው። መጋቢት 2019 እ.ኤ.አ. አሜሪካውያኑ ጠፈርተኞች አን ማክሌይንና ክሪስቲና ኮክ አብረው ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ወጥተው ሊሠሩ ነበር። ለሁለቱም የሚሆነው መካከለኛ መጠን የልብሱ የደረት ክፍል ግን ተዘጋጅቶ የነበረው አንድ ብቻ ነበር። ስለዚህ በማክሌይን ቦታ ወንድ ወጣ። ኮክና ሌላዋ ጠፈርተኛ ጄሲካ ሜር አብረው የወጡት በዚያው ዓመት በጥቅምት ነው። ይገርማል፤ በ1960 እ.ኤ.አ. አካባቢ አሜሪካዊው ዶክተር ራንዶልፍ ላቭሌስ ሴቶችን የመረመሩት ክብደታቸውም የሚፈጁት ኦክስጅንም ያንሳል ብለው ነበር። 13ቱ ፈተናውን አለፉ፤ በዚያ ፕሮግራም ግን አንዳቸውም አልበረሩም። የዛሬውን መስፈርት ከየድርጅቱ ጠይቂ።

ልጄ 10 ዓመቱ ነው፤ ከእኩዮቹ ያጥራል። ጠፈርተኛ እሆናለሁ ይላል። አንድ ሰው የሚያስረዝም መርፌ አገኝልሻለሁ አለኝ።

እህቴ፣ መርፌውን ተይው። ጠፈሩንም ለጊዜው ተይው። ያስረዝማል የሚባለው የዕድገት ሆርሞን በሐኪም ትእዛዝ ብቻ፣ ከምርመራ በኋላ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ልጁን የሕፃናት ሐኪም ጋ ውሰጂው። የቀድሞ የቁመትና የክብደት መዝገቡ ካለ ይዘሽ ሂጂ፤ ሐኪሙ የሚያየው ዛሬ ስንት መሆኑን ብቻ ሳይሆን በየዓመቱ ስንት እንደጨመረ ነው። ጤነኛ ሆኖ በቤተሰብ አጭር የሆነ ልጅ ብዙ ነው። ሕክምና የሚያስፈልገውም አለ። ይህን ለይቶ የሚነግርሽ እኔም አይደለሁም፣ መርፌ ሻጩም አይደለም። ወሩ ሳያልቅ ውሰጂው።

ጠፈር ላይ ሰው ይረዝማል አሉ። ባለቤቴን ልላከው?

እስከ 3 በመቶ ሊረዝም ይችላል፤ አከርካሪው ስለሚለጠጥ ነው። ምድር ላይ በወራት ውስጥ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ከፍ ያለ ጫማ ይርከስልሻል።