ወንድሜ ኳስ ላምጣልህ አለኝ፣ የቱን ልበለው?

ጥያቄ፦ ሰላም ነው አቦ! ድሬዳዋ ከዚራ ነው ምኖረው፣ ለስራ በየወሩ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ፣ እዛ ከጓደኞቼ ጋር ቦውሊንግ ለምጄ አሁን ሱስ ሆኖብኛል። አሜሪካ ያለው ታላቅ ወንድሜ ለፋሲካ ሲመጣ «የራስህን ኳስ ላምጣልህ፣ የቱን ትፈልጋለህ?» አለኝ፣ ኢንተርኔት ገብቼ ሳይ የኳሶቹ ስም ሁሉ የጦር መሳሪያ ነው ሚመስለው፣ ምንም አልገባኝም። እኔ ቀጥ አድርጌ ነው ምጥለው፣ ግን እነዛ ጠምዝዘው ሚጥሉት ልጆች ያስቀኑኛል። ክብደቴ 68 ኪሎ ነው። ምን ልበለው?

መልስ፦ አቦ መጀመሪያ «ቆይ» በለው። ሰው ሁሉ ስለ ኳሱ ያስባል፣ ቀዳዳውን ይረሳል። ደህና ኳስ ብዙ ጊዜ ሳይበሳ ነው ሚሸጠው፣ ከዛ ባለሙያ የአውራ ጣትህን ውፍረት፣ ከሱ እስከ መሀል ጣትና እስከ ቀለበት ጣትህ ያለውን ርቀት፣ ጣትህ ምን ያህል እንደሚታጠፍ ሁሉ አይቶ ላንተ ብቻ ይበሳዋል። ወንድምህ እዛ በራሱ እጅ ቢያስለካው ላንተ የሰው ጫማ ማለት ነው። ስለዚ ምትጫወትበት ቤት ደውልና ኳስ ሚበሳ ሰው እንዳላቸው ጠይቅ፣ ካለ ሳይበሳ ይምጣ፣ ከሌለ ግን ወንድምህ ሚያመጣልህ በር ማስደገፊያ ነው፣ ያውም ባለ ቀለም።

ሰው አገኘህ እንበል። ክብደት ላይ እንምጣ። ኳስ ከ6 እስከ 16 ፓውንድ አለ፣ 16 ማለት 7.26 ኪሎ ነው ከዛ በላይ አይፈቀድም። በልምድ ሚባለው የሰውነትህን አንድ አስረኛ ያዝ ነው፣ ባንተ ሂሳብ 15 ፓውንድ አካባቢ ይመጣል። እኔ ግን 14 ነው ምልህ። በወር አንዴ ለሚጫወት ሰው አንድ ፓውንድ መቀነስ አያሳፍርም፣ እኔ አንዴ ሰው ፊት ጎበዝ ልምሰል ብዬ 16ቱን አንስቼ ሶስተኛው ጌም ላይ ከኳሱ ጋር አብሬ ልሄድ ነበር፣ በማግስቱ ጠዋት ቀኝ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ፈጢራ በግራ እጄ በላሁ፣ ያየኝ ሁሉ ምን እንዳሰበ እግዜር ይወቀው። መፈተኛው ቀላል ነው፣ ክንድህን እንደ ዥዋዥዌ ልቀቀው፣ ኳሱ እንዳይወድቅ ብለህ ምትጨብጠው ከሆነ ወይ ከብዶሃል ወይ ቀዳዳው ሰፍቶሃል። ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው። የቤቱ ኳስ ቀዳዳ ለማንም እንዲሆን ተብሎ ሰፊ ስለሚደረግ እጅን ሚያደክመው ክብደቱ ሳይሆን ጭበጣው ነው፣ በልክህ የተበሳ 14 ከቤቱ 12 ቀሎ ሊሰማህ ይችላል።

አሁን ወደ ቀጥታና ጥምዝዝ። ይሄን ለመረዳት መሬቱን ማወቅ አለብህ። ሌኑ (ኳሱ ሚንከባለልበት መንገድ) ከመጣያው መስመር እስከ ፊተኛው ፒን፣ ማለትም ምትጥላቸው ጠርሙስ መሳይ ነገሮች መጀመሪያ፣ 18.29 ሜትር ነው፣ ስፋቱ ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም፣ እና አብዛኛው ሰው ማያውቀው ነገር፣ የመጀመሪያው 12 ሜትር ገደማ ዘይት ተቀብቷል፣ የመጨረሻው ደረቅ ነው። ዝናብ ዘንቦ ባጃጅ መሪውን አዙሮ እንኳ ዝም ብሎ ሲንሸራተት አይተሃል አይደል? ደረቁን ሲረግጥ ጎማው ይነክስና እጥፍ ይላል። የጠማዞቹ ኳስ በቃ እሱ ነው፣ ዘይቱ ላይ እየተሽከረከረ ይንሸራተታል፣ ደረቁ ላይ ሲደርስ ነክሶ ይታጠፋል።

እንግዲህ የኳሱ ቆዳ ጎማው ነው። ፕላስቲክ ሚባለው (ፖሊስተር ነው) ጥርሱ ያለቀ ጎማ በለው፣ አይነክስም፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ የቤት ኳሶች አብዛኞቹ እሱ ናቸው። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጀመሪያ ዩሬቴን ሚባል ቆዳ መጣ፣ እሱ ቀደም ብሎ በቀስታ ይጎብጣል። ከዛ በነሱው 1990ዎቹ መጀመሪያ ሪአክቲቭ ሬዚን ሚሉት መጣና ጨዋታውን ቀየረው፣ ዘይቱ ላይ ይንሸራተታል ደረቁ ላይ ግን በሀይል ይነክሳል። ስማቸው የጦር መሳሪያ ሚመስለው እነዚ ናቸው። ሆዳቸው ውስጥ ደሞ ኮር ሚባል ቅርፅ ያለው ክብደት አለ፣ ቶሎ ይዙር ወይስ ቆይቶ ሚለውን እሱ ይረዳል፣ ግን ላንተ አሁን ራስ ምታት ነው እለፈው።

ሻጭ ማይነግርህን ልንገርህ። ኳስ በራሱ አይጠመዘዝም፣ ሚያዞረው እጅህ ነው። ቀጥ አድርገህ ምትጥል ሰው ውድ ሬዚን ብትይዝ አንዳንዴ ቀጥ ይላል አንዳንዴ ትንሽ ይነክስብሃል፣ መቼ እንደሆነ አታውቅም፣ አንድ የቀረችውን ፒን ሁሉ ትስታለህ። ጠማዞቹ እራሳቸው ለስፔር (በመጀመሪያው ኳስ ያልወደቁትን በሁለተኛው ለመጣል) ብለው ፕላስቲክ ይዘው ነው ሚዞሩት። ግን ቅናትህ ያለ ምክንያት አይደለም፣ ፒኗ ከኪሎ ተኩል በላይ ትመዝናለች፣ ቀጥ ብሎ የመጣ ኳስ ሲመታት እሱ ራሱ ወደ ጎን ይገፋል፣ በ6 ዲግሪ ገደማ ጠምዞ የገባ ግን መሀላቸውን ሰንጥቆ ይሄዳል፣ ስትራይክ (ሁሉንም ፒን በአንድ ኳስ መጣል) ሚበዛላቸው ለዛ ነው።

ስለዚ የኔ ፍርድ፦ 14 ፓውንድ ፕላስቲክ፣ በልክህ የተበሳ። «አይ እኔ ዘንድሮ ጥምዘዛ ተምሬ ነው ምሞተው» ካልክ ለጀማሪ ሚሆን፣ በሀይል ማይነክስ ሬዚን ይምጣ፣ ውዱን ተወው፣ ሲበሳም መሀል ጣትህና ቀለበት ጣትህ እስከ መጀመሪያው አንጓ ብቻ እንዲገቡ አስደርገው፣ ለማዞር እሱ ይመቻል። ቀጥታ ለሚጥል እስከ ሁለተኛው አንጓ ነው።

ደሞ አስበው፣ አንዱ ሻንጣ 23 ኪሎ ነው፣ ኳሱ ከ6 ኪሎ በላይ ሊበላ ነው፣ የእናታችሁ ሽቶና ልብስ የት ሊገባ? ኳስ ሚበሳ ሰው ካላገኘህ የቦውሊንግ ጫማ አስመጣ። የቀኝ እጅ ተጫዋች ጫማ የግራው ሶል ሚንሸራተት የቀኙ ሚይዝ ነው፣ ኪራዩ ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱም አንድ ነው። ከኳስ በላይ ጨዋታህን ሚያስተካክለው እሱ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ከሐረር ጀጎል ነኝ። አዲስ አበባ ልጆቼን ይዤ ሄጄ ተጫውተን አውራ ጣቴ ተላጠ። ቀላሉን ኳስ ነበር የያዝኩት። ለ9 አመቱ ልጄስ ስንት ፓውንድ ይሻለዋል?

መልስ፦ እህቴ፣ ቀላሉን መያዝሽ ነው ያስላጠሽ ይመስለኛል። ቀላል ኳስ ለልጅ ስለሚሰራ ቀዳዳው ጠባብ ነው። ከመጣልሽ በፊት አውራ ጣትሽን ሙሉ በሙሉ አስገቢና አዙሪው፣ ዙሪያውን ነካ ነካ እያረገ ያለ ጉተታ መውጣት አለበት። 10 ወይ 11 ፓውንድ ሞክሪ። ለልጁ 6 ወይ 8 ይበቃዋል፣ በሁለት እጁ አንከባሎ ቢለቀውም ማንም አይስቅበትም።

ጥያቄ፦ ሳቢያን ነኝ፣ ከዱባይ ሬዚን ኳስ ይዤ መጥቻለሁ፣ ቤት ቦታ ስለሌለኝ የመኪናዬ የኋላ እቃ መጫኛ ውስጥ ብተወው ችግር አለው?

መልስ፦ ድሬ ላይ?! አቦ ተው! ሬዚን ሙቀት አይወድም፣ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ በኛ ፀሀይ የተዘጋ መኪና ውስጥ እኮ ቸኮሌት ሻይ ነው ሚሆነው። ስትጫወት የጠጣውን ዘይት ወዲያው በጨርቅ ጥረግና በፎጣ ጠቅልለህ አልጋ ስር አስገባው፣ ማታ ተነስተህ በባዶ እግርህ እንዳትመታው ብቻ።